የአጎናፍር ቋጠሮ

ከደጋው ጫፍ፣ ጉም ከጠዋት እስከ ቀትር ከማይለቀው አገር፣ ሦስት ጎኑን ገደል የከበበው አንድ ሰፊ ጨፌ አለ፤ ስሙም ሰባት እጅ ይባላል። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ፊት ለፊት ተተክለው የሚተያዩበት፣ ጥማድ በሬ ተጠጋግቶ የሚያልፍበት ጠባብ በር። በየዓመቱ ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስቀል ከራሱ ከጨፌው ሣር የተገመደ ገመድ ከድንጋይ ድንጋይ ይወጠርበታል። ገመዱ ወገብ ላይ ስለሚውል ጥጃ ከሥሩ ሹልክ ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ገመዱ እስካለ ድረስ ጥጃም አይገባም፣ ማጭድ የያዘ ሰውም አይገባም። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው «ይህን ክር ፈርታችሁ ነው እንዴ?» ብሎ ይስቃል። የአገሩ ሰው ግን አብሮት አይስቅም። የስሙን ነገር የጠየቃቸው እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥለው ስለ ገብሱ ያወሩና፣ ጠያቂው ተነሥቶ አልሄድ ካላቸው ብቻ ወደ ነገሩ ይገባሉ።

እንደሚነገረው፣ ያኔ ጨፌው ስም አልነበረውም። የጋራ ነበር፤ በክረምት ተከልሎ ያድጋል፣ ከመስቀል በኋላ ታጭዶ ግማሹ ለቤት ክዳን፣ ግማሹ በበጋ ለእርሻ በሬ ይከፋፈላል። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነች አንዲት ቦታ ብቻ ነበረች፤ ከጨፌው ታች ውሃ የሚያቁርባት ማዕዘን፣ የአራስ ጥግ የምትባል። ልጅ የምታጠባ ሴት አንዲት የምትታለብ ላሟን ክረምቱን ሁሉ እዚያ ማዋል ትችል ነበር። ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም። ያ አገር ግን ከገብስ በቀር እህል አያበቅልም፤ ሰኔ ሲገባ ጎተራው ይራቆታል፤ ትንሽ ልጅ ሐምሌንና ነሐሴን የሚሻገረው በወተት ነው። ይህን የቀደሙት ሰዎች ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የሰው ነገር ሆኖ መልካሙ ሥርዓት ውሎ አድሮ ተበላሸ። መጀመሪያ የአራሷ እኅት ላም ገባች፤ ቀጥሎ ላሟን የምትከተል ጊደር፣ ጊደሯን የሚከተል ወይፈን ገባ። ልጅዋን የዳረች፣ የልጅ ልጅ ያቀፈች ሴትዮ ሳትቀር «እኔም ገና አራስ ነኝ» ብላ ሁለት ላም ይዛ መጣች ይባላል። የአራስ ጥግ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ በአንድ ክረምት ጨፌውን አጋመሰው።

በዚያን ጊዜ የጨፌው ጠባቂ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ያለችው አንዲት ልጅ አሰለፈች ናት፤ እሷም ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ስለ ሞተባት፣ ስንቅነሽ የምትባል የዓመት ከመንፈቅ ልጅዋን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ይርዳው ጠንካራ ጎልማሳ ነበር፤ ሸክም አይፈራም፣ ጅብ አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሴት እንባ። ሴት ስታለቅስ ካየ የያዘው ዱላ ከእጁ ይወድቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ያችን አያት ከነላሞቿ ያስገባትም እሱ ነው፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጥለት ጠረግ ጠረግ ስታደርግ ጊዜ «ግቢ በቃ፣ ግቢ» አላት አሉ።

የዚያ ክረምት ዋጋ የተከፈለው በበጋ ነው። ጥር ሲመጣ የሚከፋፈል ሣር አልነበረም። ለበልግ እርሻ የተጠመዱ በሬዎች ሞፈሩን ሳይገፉ ከነቀንበሩ ተንበረከኩ፤ አንዳንዱ ዳግመኛ አልተነሣም። የአገሩ ጭቃ ሹም አጎናፍር አራት በሬ ሞተበት። የይርዳውም ጥማድ አንደኛው ወደቀበት፣ በቀረው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ አንዲት ጠባብ ማሳ ብቻ ዘራ። መሬቱ አብዛኛው ጦሙን አደረ። ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ሲሰበሰብ ሁሉም ተቆጥቶ ነበር፤ መቆጣቱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጭቃ ሹም አጎናፍር ተነሥቶ ተናገረ። ይህን ሰው ክፉ ነበር የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን የሰማሁትን ነው የምናገረው፣ በዚያ ቀን የተናገረው ክፉ ነገር አልነበረም።

«ከእንግዲህ አራስ የለም፣ መበለት የለም፣ ጭቃ ሹምም የለም» አለ። «ጨፌው ከተዘጋ ለሁሉም ተዘጋ። የእኔ ላም ገብታ ብትገኝ እግሯን ስበሩት።»

ሰው ሁሉ አጉረምርሞ ተስማማ። ያን ጊዜ ይርዳው ብድግ አለ። ወሩን ሙሉ ሰው እየጠቆመው አንገቱን ደፍቶ የሰነበተ ሰው ነበርና ስሙን ማደስ ፈልጎ ነበር።

«እኔን አትመኑኝ» አለ። «ራሴን አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን ከጠበቅሁት አንዷ መጥታ ታለቅስብኝና እከፍተዋለሁ። በሩን በገመድ ሰባት ሰው ይሰረው። እያንዳንዱ የገዛ ቋጠሮውን ይቋጥር፤ ከቋጠረው እጅ በቀር ማንም አይፍታው። ያን ጊዜ እኔ ላይ ቢለቀስም ዋጋ የለው።»

ብልኅ ነገር ተናገረ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አጎናፍርም ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፣ ይርዳውም ደስ አለው። ሰባት ሰው ተመረጠ፤ አጎናፍርና ይርዳው ከሰባቱ ነበሩ። መሐላው እንዳይላላም እጅግ የሚወዱትን ነገር መያዣ አደረጉበት፤ የሌላውን ቋጠሮ የፈታ፣ ገመዱን የበጠሰ ቢኖር፣ የአገሩ ልጅ ይለቅ ብለው ማሉ። የራሱ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ልጅ ሁሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ አንዲትም ሴት አልነበረችም። ሴቶቹ ነገሩን ያወቁት ሰኔ ሚካኤል ዕለት ላሞቻቸውን እየነዱ መጥተው ገመዱን ሲያዩ ነው።

የበልጉ አዝመራ እንደ አዘራሩ ሆነ፤ ሰኔ ሳያልቅ አለቀ። ከብቱ ሁሉ ወደ ድንጋያማው ጋራ ተነዳ፤ እዚያ ከድንጋይ ሥር የምትወጣውን ጭራሮ መሳይ ሣር ሲነጭ ይውልና ሆዱ እንደ ተጣበቀ ይመለሳል። ጨፌው ግን ያ ዓመት ያማረለት ዓመት ነበር። ዝናቡ ጥጋብ ሆነ፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ቀጥሎም ጭን ደረሰ። ንፋስ ሲነካው ወዲያና ወዲህ ይተኛል። ይርዳው በበሩ አጠገብ ከሠራት ጎጆ ተቀምጦ ሲያየው ልቡ ይሞላ ነበር፤ ዘንድሮስ በሬ አይወድቅም፣ ዘንድሮስ ስሜ አይነሣም ይል ነበር።

የቤቱ ላም አንዲት ዳልቻ ነበረች። በሰኔ አንድ ቅል ትታለብ ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ ግማሽ ቅል፣ ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ጭልፋ። አሰለፈች ያችን ጭልፋ ከገብስ ሙቅ ጋር እያቀጠነች ለልጅዋ ታጠጣት ነበር። የራሷ ጡት ከተራቆተ ቆይቷል። ስንቅነሽ መጀመሪያ ከሳች፤ መጫወት ተወች፤ ከእናቷ ጀርባ መውረድ ጠላች። ከዚያ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊቷ ሞላ፣ እግሯም ደልደል አለ።

ይርዳው ከጥበቃ ሲመለስ ይህን አይቶ ሐሴት አደረገ። ልጅቷን ከምድር አንሥቶ ጉንጯን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«አየሽ? ያስቸገረሽ ሐሳብሽ ነው እንጂ ልጅቷ ወፍራለች!» አለ።

አሰለፈች የልጅቷን እግር ያዘችና በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

«ሥጋ ቢሆን ይመለስ ነበር፣ አባዬ» አለች። «ይሄ ውሃ ነው። የማዶዋም ልጅ እንዲህ ወፍራ ነው የሞተችው።»

ይርዳው ጎድጓዳውን ትክ ብሎ አየው፤ ቀስ እያለ ሲሞላ አየው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እንዲያው ዝም ብላ ታየው ነበር፣ ዝምታዋ ከልቅሶ ይብስ ነበር። በዚያ ሰሞን ፀጉሯም መልኩን ለቆ እንደ በቆሎ ጢም ቀልቶ ነበር፤ እሱ ግን ጠዋት ማታ የሚያየው ሣሩን ስለ ነበር ይህን ልብ አላለውም።

«ዳልቻዋን ለአንድ ሳምንት ያስገቡልኝ» አለች አሰለፈች። «ከጥጉ ብቻ ትጋጥ። ማንም አያያትም።»

«ማየት አይደለም ነገሩ» አለ። «ምያለሁ።»

«በልጅ ነው የማላችሁት አሉ። እውነት ነው?»

ይርዳው ልጅቷን ምድር ላይ አስቀመጠና ወደ ጎጆው ወጣ።

ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ በቀትር፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ከጨፌው ውስጥ የማጭድ ድምፅ ሰማ። ማጭድ እርጥብ ሣር ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ለጠባቂ ጆሮ የታወቀ ነው። ዱላውን ይዞ ሮጠ። ጉሙን ሰንጥቆ ሲደርስ አሰለፈች ልጅዋን እንዳዘለች አንድ ነዶ ያህል አጭዳ፣ በሣር ልጥ እያሰረች ነበር።

ቢሸሽጋት ማንም አያውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲተርኩ እዚህ ላይ ቆም ይላሉ። የተያዘ ሣር ደንቡ ወደ ገደል መጣል ነበር፤ ሌባውም ከብቱን እንዳያበላው፣ ጠባቂውም እንዳይጠቀምበት። ይርዳው ነዶውን ከእጇ ነጥቆ ወደ ገደሉ ጫፍ ወሰደና ወረወረው። ሲወረውር እጁ አልተንቀጠቀጠም ይባላል፤ ይህን የሚሉት ሊያመሰግኑት ይሁን ሊረግሙት እኔ እንጃ። እሷ አላለቀሰችም። ምናልባት ብታለቅስ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ዱላው ከእጁ ይወድቅ ነበር። እሷ ግን ማጭዷን ጥላለት፣ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ወጥታ ሄደች፤ ጎንበስ ስትል ከጀርባዋ ያለችው ልጅ ራሷ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለ፣ መልሳም አላቀናችውም።

ይርዳው ያን ቀን እህል አልቀመሰም። የገዛ ምክሩ አንገቱን ያነቀው ያን ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ወረደና ደጅ ቆመ። አጎናፍር በቅሎውን እያስጫነ ነበር፤ ከወንዝ ማዶ የአማቹ እናት ሞታ ለለቅሶ ሊሄድ።

«ምነው በደኅና?» አለው።

«የልጅ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለ ይርዳው። «የሌላውም ቤት እንደዚያው ነው። ሰባታችንም እንሰብሰብና ገመዱን እንፍታው። ጥጉን ብቻ እንክፈት።»

እንደሚነገረው አጎናፍር አልተቆጣም። «የእኔም ቤት ይሄው ነው» አለ፤ «የትንሹ ልጄ እግር አብጧል። እኔ የተናገርሁት ቃል ይዞኝ ነው እንጂ አንተ ባትመጣ ኖሮ እኔ ወደ አንተ እመጣ ነበር። እሺ። ለቅሶ ደርሼ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እንፈታዋለን።»

የጨፌው በር ከአጎናፍር ቤት ጥሪ የሚያሰማ ያህል እንኳ አይርቅም ነበር። በቅሎው እስኪጫን ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር። ይርዳው «የርስዎን ቋጠሮ አሁን ፈተው ይሂዱ፣ የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ይሉኝታ ያዘው። ሰው ለለቅሶ ሲነሣ፣ እግሩን እርካብ ላይ ሲያደርግ፣ ስለ ላም ግጦሽ ይዞ ማስቆም ነውር መሰለው። ጭቃ ሹሙንም «ባይመለሱስ?» ማለት ሟርት መሰለው። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ በሰላም ይመለሱ» አለ። ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ ሙሉ ያችን ንግግር ሌላ አድርጎ ሲናገራት ይሰማ ነበር ይባላል፤ ብቻውን ሲሄድ፣ ከብት ሲያጠጣ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሞ እንኳ፣ ከንፈሩ «ፈተው ይሂዱ፣ ፈተው ይሂዱ» ይል ነበር አሉ።

አጎናፍር ለቅሶውን ደርሶ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። ሰዎች ይቆዩ ብለውት ነበር፤ እሱ ግን «ቀጠሮ አለብኝ» ብሎ ገባ። በቅሎዋ ብቻዋን፣ ኮርቻዋ ወደ ሆዷ ዞሮ፣ ማታ ላይ ደረሰች።

አምስት ቀን ወንዙን ተከትለው ፈለጉት። ከፈላጊዎቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሊቀብሩት ብቻ አልነበረም። አስከሬኑ ቢገኝ እጁን ይዘው ወደ በሩ ሊወስዱት፣ የሞተውን እጅ ቋጠሮው ላይ አኑረው ሊፈቱት ነበር። ይህን ሐሳብ ማን እንዳመጣው አይነገርም፤ ነውር ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም። ወንዙ ከአጎናፍር አንዲት ጫማ ብቻ መለሰ።

በስድስተኛው ቀን የቀሩት ስድስቱ በበሩ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ ቀርቦ የራሱን ቋጠሮ ፈታ። ገመዱ ላላ፣ ጎበጠ፣ ግን አልወደቀም፤ መካከሉ ላይ የአጎናፍር ቋጠሮ በዝናብ ጠጥሮ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል ሆኖ ቀረ። ስድስቱ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው አዩት። ከበስተኋላቸው ሴቶቹ ላሞቻቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

«የንስሐ አባታችን ይፍቱን» አለ አንደኛው።

«እሳቸው ከአበምኔቱ ቃል ሳላገኝ በልጅ የተማለ መሐላ አልፈታም ብለዋል» አለ ሌላው። «አበምኔቱ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ናቸው። ወንዙ እስኪጎድል እንጠብቅ።»

«ወንዙ መቼ ይጎድላል?»

«መስከረም።»

ይህን ጊዜ አሰለፈች ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ልጅዋን ከጀርባዋ አውርዳ በክንዷ ታቅፋት ነበር።

«መሐላው ምን ይላል?» አለች። «ገመዱ ከተበጠሰ የአገሩ ልጅ ይለቅ፣ አይደል?»

«አዎ» አሉ።

«ታዲያ አሁን ምን እየሆነ ነው የምትሉት?»

ስድስቱም መሬት መሬት አዩ። ይርዳው ልጁን ያያት ነበር፤ የልጅ ልጁንም ያያት ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ገመዱን ለመያዝ አንድ እርምጃ ተራመደ ይላሉ። ነገር ግን ከአሰለፈች ኋላ የቆሙትን ሌሎቹን ሴቶች አየ፤ በያንዳንዷ ጀርባ ላይ አንድ ራስ ነበር። የራሴን ላድን ብዬ የእነዚህን ሁሉ ብገድልስ አለ በልቡ። ደግሞም ቀድሞ ልቡ የራራ ቀን በሬዎቹ እንዴት እንዳለቁ አስታወሰ። ርኅራኄ አንድ ጊዜ አሳፍሮት ነበርና አላመነውም። እጁን መለሰ።

ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ትልቅ ሰው ወተት አይቀምስም፤ ያለው ሁሉ ለልጅ ነበር፤ ያለ ነገር ግን አልነበረም። በዚያው ሳምንት ዳልቻዋ ነጠፈች። አሰለፈች ጠዋት ቅሉን ይዛ ከሥሯ ተቀመጠች፣ ጡቷን አሸት አሸት አደረገች፣ ቆይታ ቅሉን ዘቅዝቃ ተነሣች። የዚያን ዓመት ቡሄ ጅራፍ አልጮኸም፤ ደጅ ለደጅ ዞረው የሚጨፍሩ ልጆችም አልነበሩም። በቡሄ ማግስት ጠዋት ስንቅነሽ ሞተች። አሥራ አንደኛዋ ነበረች።

ቀብሯ እንዳለቀ ይርዳው ከሰው ተለይቶ ወደ በሩ ወጣ። ሰው ተከተለው። ሁሉም ገብቶታል፤ ሊበጥሰው ነው። የከለከለው ግን የለም። ይርዳው የአጎናፍርን ቋጠሮ በሁለት እጁ ያዘ፤ ትልቅ ኃይል ሊጠቀም ትከሻውን አጠነከረ። ኃይል አላስፈለገውም። ሁለት ወር ሙሉ የዘነበበት ሣር ነውና ገመዱ ከውስጥ በስብሶ ኖሯል፤ ገና ሲነካው እጁ ላይ ተበጠሰ። ሕፃን ልጅ ሊበጥሰው ይችል ነበር፤ ነፋስም ሁለት ቀን ቢታገሡት ይበጥሰው ነበር። ይርዳው ቁራጩን እንደ ያዘ እዚያው ተቀመጠ።

ላሞቹ ገቡ። ሣሩ እስከ ሆዳቸው ደረሰ፤ በልተው ጠገቡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎናቸው ሞላ፣ ቆዳቸው አበራ። ግን የነጠፈች ላም ዳግመኛ እስክትወልድ አትታለብም። ይህን ይርዳውም ያውቅ ነበር፤ ማንም ከብት ያለው ሰው ያውቃል። እናቶቹ ቅላቸውን ይዘው እየመጡ፣ የሰቡትን ላሞች እያዩ፣ ባዶ ቅል ይዘው ይመለሱ ነበር። ልጆቹ እስከ ጥቅምት መሞታቸውን አላቆሙም። ሃያ ነበሩ የሚሉ አሉ፤ ሠላሳ የሚሉም አሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የተባለው ነው። ገመዱ ከተበጠሰ በኋላ ብዙ ልጅ ስለ ሞተ፣ ሰው መሐላው ሠራ አለ። «ይርዳው በጠሰው፣ ልጆቻችን አለቁ» ተባለ። ከመበጠሱ በፊት የሞቱት አሥራ አንዱ ተረሱ። ላሞቹ የነጠፉት ገመዱ ደኅና በነበረበት ጊዜ መሆኑ ተረሳ። ይርዳው በሚያልፍበት መንገድ ሴቶች ልጃቸውን ወደ ቤት ያስገቡ ጀመር። ያች የተረፈች ልጁ እንኳ ልትከራከርለት ትችል ነበር፤ እሷ ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም።

ወንዙ ጎድሎ አበምኔቱ መጥተው ሕዝቡን ከመሐላው ከፈቱት በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ፣ ጨፌው እንደ ገና ይታሰር ተባለ። ገመዱ ይቅር ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም የባሰ ጠበቀ። የአጎናፍርን ቦታ ማን ይያዝ ሲባል ግን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ፤ የሞተ ሰው ቦታ መያዝ ተፈራ። ያን ጊዜ ይርዳው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረው ሰው፣ ከዳር ቆሞ ተናገረ።

«ለአንዲት እናት ስጧት» አለ። «ከሁሉ ትንሹን ልጅ ላላት። እሷ ታውቃለች መቼ እንደሚፈታ።»

ተስማሙ። የተስማሙት ቃሉ ልባቸውን ስለ ነካው አይደለም፤ ሟርቱ ቢመጣ በሴቲቱ ላይ ይውረድ ብለው ነው። ይርዳው ይህን አላወቀም፤ ወይም ማወቅ አልፈለገም። እየተቻኮለ ወደ ቤት ሄዶ አሰለፈችን በደጅ አገኛት፤ ጥቂት ዕቃ ቋጥራ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር።

«መጀመሪያ አንቺ እሰሪው» አላት። «ቦታው ያንቺ ነው።»

አሰለፈች በዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችለት። «እኔ የምፈታለት ልጅ የለኝም፣ አባዬ» አለች። ወደ ቆላ ወረደች፤ የት እንደ ገባች፣ ዳግመኛ አግብታ እንደ ሆነ፣ ወልዳ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። በዚያ ቀን ቋጠሮውን ያሰረችው ሌላ ሴት ናት፤ ስሟን ማንም አልያዘውም። ይርዳው ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ ይባላል። የሚያሳዝን ዕድሜ ነበር፤ መሞት ይሻለው ነበር ማለት ይከብዳል እንጂ ብዙዎች ይሉታል።

ጨፌው ሰባት እጅ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ልማዱም እስከ ዛሬ አለ፤ ሰባተኛው ቋጠሮ የእናት ነው። ነገር ግን ስድስቱ የወንዶች እንደ ሆኑ ቀርተዋል፤ ደንቡም አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ የቋጠረውን ራሱ ነው የሚፈታው። እናቲቱ የፈለገች ጊዜ መጥታ የራሷን መፍታት ትችላለች፣ ከዚያ ግን ስድስቱን መጠበቅ አለባት። ከስድስቱ አንዱ ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፣ አንዱ ከተማ ልጁ ጋ ሰንብቷል፣ አንዱ ደግሞ «ሣሩ ገና ነው» ይላል። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የጤና ሠራተኛዋ የልጆችን ክንድ የምትለካበትን መለኪያ ይዛ ስትመጣ፣ የቋጠሮዋን እናት ከበሩ አጠገብ ላሟን ይዛ ቆማ አገኘቻት አሉ። መለኪያው በልጇ ክንድ ላይ ቀዩን፣ የክፉ ረኃብ ምልክት የሆነውን፣ አሳየ። የራሷን ቋጠሮ ከፈታች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗት ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ሚካኤል ዕለት ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ገመዱን ዘርግተው፣ ስድስት ቋጠሮ ቋጥረው፣ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ትንሹ ልጅ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የእኔ ትልቅ ነው» አለች አንዷ፤ በነጠላዋ ሥር የሚንቀሳቀሰውን በእጇ ሸፈን አድርጋ።

«የእኔም አድጓል» አለች ከአጠገቧ ያለችው።